ሰባት ከሃያ አምስት

ኅዳር 3 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ገበያው ቀዝቅዟል። ነጋዴው ሸዕባን ይዞት የመጣው ጨርቅ ካኪ ብቻ ነው። «ሌላ ቀለም አላመጣህም?» ስለው፣ «ዘንድሮ የሚለበሰው ይኸው ነው፣ እትዬ ይማርሽ» አለኝ። ገዛሁ። ምን አደርጋለሁ። የምሰፋው የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም እስከ ገና ማለቅ አለበት። ወገቤ ከአሁኑ ደክሟል።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና የፎቶዎቼን ሣጥን ከአልጋ ሥር ሳብኩት። ካኪ ሲያይ የዋለውን ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው። ቢጫ ባርኔጣ ያደረገችውን ብቻ አይቼ መልሼ በአቡጀዲ ጠቀለልኳት። ብዙ ማየት ጥሩ አይደለም። ብርሃን ቀለም ይበላል።

ኅዳር 4፣ እሑድ

መምህር አረጋ ከቅዳሴ መልስ መጡ። እሑድ እሑድ ፎቶዎቹን ሊያዩ ይመጣሉ። የኮን ከተማ ሰው ናቸው፤ እዚህ ጂኦግራፊና ሥዕል ማስተማር ከጀመሩ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። ሳልነግራቸው እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው ነው የሚቀመጡት። ሌላው ሰው ለፎቶ እጅ ታጠብ ስለው ይስቅብኛል።

ዛሬ ስለ ቁጥሮቹ ጠየቁኝ። «ወይዘሮ ይማርሽ፣ ሁልጊዜ ልጠይቅዎ እያልኩ እረሳዋለሁ። ከሥር በእርሳስ የተጻፈው ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። ሙሴ ጋስፓር የሚባለው ፈረንጅ ፎቶ አንሺ በሃምሳ አራት ዓ.ም. ሁለት ፈረንጅ ሴቶች ይዞ መጣ። የሴቶቹ ሥራ አዲስ ልብስ ለብሶ መቆም ነው፤ እሱ ያነሣቸዋል፣ ፎቶው በውጭ አገር መጽሔት ይወጣል። ወደ አሸተን ማርያም ሲወጡ የአንደኛዋ ቀይ ካፖርት ድንጋይ ያዘውና ጠርዙ ተተረተረ። ያኔ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በሕይወት ነበር፤ እሱ ነው ወደኔ ያመጣቸው። ክሩ ከየት ገብቶ ከየት እንደወጣ እንዳይታይ አድርጌ ሰፋሁት። ጋስፓር ምን ልክፈልሽ ሲለኝ «ካነሣኸው አንዱን» አልኩ። የሚረሳው መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ራሱ ይዞት መጣ። ሴትየዋ በቀይ ካፖርቷ ገደሉ ጠርዝ ላይ ቆማለች፤ ከጀርባዋ የአሸተኑ መምሬ የሻው ዣንጥላቸውን ይዘው ያዩዋታል። ለኔ ሰባተኛውን ሰጠኝ፣ ስምንተኛውን ለሳቸው። ከሃያ አምስት በላይ አላትምም፣ ከዚያ ፊልሙን እቆርጠዋለሁ ብሎ በመቀሴ አሳየኝ። ሰባት ከሃያ አምስት ማለት ያ ነው። ሃያ አምስት እህትማማቾች፣ ሃያ ስድስተኛ የማይወለድ።

ከዚያ በኋላ የአንገት ጥልፍ እየሠራሁ እልክለት ነበር፤ እሱ ደግሞ በወጣትነቱ በአገሩ ያነሣቸውን ይልክልኝ ነበር። ዝም ብዬ የመጣልኝን አልቀበልም፤ አማርጥ ነበር። ደሴ የነበረችው ፈረንጅ ነርስም እንደኔ ትሰበስብ ነበርና ሁለት ፎቶ ሰጥቼ ሰማያዊ ዣንጥላ የያዘችዋን ከሷ ወሰድኩ። አረንጓዴ ጓንት ያደረገችው አንዲት አለች፤ በመጽሔት አይቻታለሁ፣ እስከዛሬ አላገኘኋትም። ልብስ ሰፊ ነኝና መጀመሪያ የማየው ስፌቱን ነበር። ኋላ ግን የያዘኝ ቀለሙ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ምንም አልመጣም።

መምህር አረጋ ቀዩዋን ለአንድ ሳምንት እንዳውሳቸው ለመኑኝ። ለተማሪዎቻቸው ስለ ቀለም ሊያስተምሩባት ነው። ለማንም አውሼ አላውቅም። በአቡጀዲ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ኅዳር 8

ቸኩያለሁ። ጎረቤቴ ሽታዬ መጥታ ነበር። ጠላ ትሸጣለች፤ አብዮት ጠባቂዎቹ እሷ ዘንድ ስለሚጠጡ ወሬ ከሬዲዮ ቀድሞ እሷ ጋ ይደርሳል። የቤት ለቤት አሰሳ ሊጀመር ነው አለች። መሣሪያና ወረቀት ነው የሚፈለገው።

«ምን ዓይነት ወረቀት?»

«እነሱ ያልጻፉት ሁሉ» አለችኝ።

ኅዳር 9

ሽታዬ ፎቶዎቹን አቃጥያቸው አለች። «የራቁት ሴቶች ናቸው፣ የፈረንጅ ጽሕፈት አለባቸው። ምን ብለሽ ልታስረጂ ነው?» ራቁት አይደሉም። ሁለቱ ብቻ የዋና ልብስ ለብሰዋል።

አላቃጠልኩም። መደቡን ከጎን ፈልፍዬ ከተትኳቸውና በጭቃ መረግሁት። ጭቃው እርጥብ ነው። እርጥበቱ ወደ ውስጥ ቢገባስ? ሻጋታ ቀለም ላይ ከወጣ አይለቅም።

ቀዩዋ መምህር አረጋ ጋ ናት። ሳምንት ብለው ነበር፤ እስከ እሑድ ልታገሥ።

ኅዳር 14

መጡ። አሳሾቹ፣ አራት ሆነው። ፍራሹን በሳንጃ ወጉት፣ የዱቄት ዕቃዬን ገለበጡ። አንዱ ደክሞት መደቡ ላይ ቁጭ አለና ውኃ ለመነኝ። ሰጠሁት። እሱ እየጠጣ፣ ከሥሩ ፎቶዎቹ ናቸው።

«ብቻሽን ነሽ?» አለኝ ሲወጣ።

«ብቻዬን ነኝ።»

ምንም አላገኙም። ከሄዱ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ዱቄቱን ስለቅም አመሸሁ። መምህር አረጋ እሑድ አልመጡም፤ ቀዩዋ አሁንም እሳቸው ጋ ናት።

ኅዳር 15

ጾም ገባ።

መምህር አረጋን ያዟቸው። ቀዩዋን አትላሳቸው ውስጥ ነው ያገኟት።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጥቼ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ውኃ መውረጃው ጋ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፦ «የመምህሩ ቤት የድርጅት መታወቂያ ተገኘ አሉ፤ ቁጥር ያለው።» «ስንተኛ ነው?» «ሰባተኛ። ከላዩ ስድስት ሰው አለ ማለት ነው፤ ሥሩ ያለውን ደግሞ እግዜር ይወቀው።»

መጀመሪያ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ከዚያ ከፎቶዬ ሥር ያለው ሰባት ከሃያ አምስት ትዝ አለኝ፤ ቅርጫቴን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ።

ኅዳር 20

የታሰረው ከቀበሌው ጀርባ ባለው የእህል መጋዘን ነው። ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ውኃ ያዣል። በንጉሡ ጊዜ እህል እዚያ ይሻግት እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ሽታዬ ምግብ የምታደርስ አክስቱ ነኝ እንድል መከረችኝ። ሽሮና ጎመን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው ሳህኑን ተቀብሎ፣ «አክስት ለመሆን ልጅ ነሽ» አለኝ። ሳህኑ ባዶ ተመለሰ። እሱ ይብላው ሌላ ሰው ይብላው በምን አውቃለሁ።

የመደቡ ጭቃ አሁንም አልደረቀም። እርጥበቱ ያስጨንቀኛል።

ኅዳር 24

ዛሬ ሽታዬ ግቢ ክር ልዋስ ብዬ ገባሁ። ዘበኞቹ እየጠጡ ነበር። አንዱ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ችኮ ሰው ነው። ከየት አመጣኸው ሲሉት ከገበያ ገዛሁት ይላል። ከማን ሲሉት መልኩን አላስታውስም። ሌሎቹን ሃያ አራት ጥራ ሲሉት ይስቃል። ሳቁ ነው የጎዳው።»

ከኔ መዋሱን ለምን እንዳልተናገረ አልገባኝም። ቢናገር በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ወይም ላያልቅ ይችላል። አላውቅም።

ሄጄ የኔ ነው ማለት አለብኝ። ነገ እሄዳለሁ።

ኅዳር 25

እሑድ ስለሆነ ቢሮው ዝግ ነው።

ኅዳር 27

ለዩኒፎርሙ ጊዜ አጣሁ። እጅጌ ገጠምኩ፣ ተገለበጠ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ተገለበጠ። እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ሽታዬ «ብትሄጂ ሁለታችሁም ትታሰራላችሁ እንጂ እሱ አይፈታም» ትላለች። እውነቷን ነው። ደግሞ ቁጥሩን ባስረዳቸው ማን ያምነኛል? እንዲህ እያልኩ ነው የምውለው። እኔ ጋ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው።

ኅዳር 30

ከመጋዘኑ ሸሚዝ ላኩ፣ ይታጠብ ተብሎ። አረጋ ለብሶት የተያዘው ነጩ ሸሚዝ ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ጀርባው ላይ ደሙ ደርቆ ከጨርቁ ጋር አንድ ሆኗል። በቀዝቃዛ ውኃ ዘፈዘፍኩት፤ ሙቅ ከሆነ ደም አይለቅም። ውኃው እየቀላ መጣ። ሦስቴ ቀየርኩት። ደም እንዲህ ሲሳሳ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

አልለቀቀም። ቀለል አለ እንጂ።

ሽታዬ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ኖሯል። «አረጋ፣ አረጋ እያልሽ ነው የምታጥቢው» አለችኝ። «መምህር ማለቱ ከመቼ ወዲህ ቀረ?»

አልሰማሁም ብዬ ጨመቅሁት።

ታኅሣሥ 4

የእስረኞቹ መኪና ቅዳሜ ትመጣለች አሉ። ከዚህ በፊት ጭና የሄደቻቸው አንዳቸውም አልተመለሱም። ሽታዬ ይህን ስትነግረኝ ጠላውን እያጠለለች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ወደ አሸተን ወጣሁ። ብቻዬን ሄጄ የኔ ነው ብል ባዶ ቃል ነው፤ ማንም አያምነኝም። ስምንተኛዋ ግን አለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ከታዩ ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ይገባዋል። ይህ ሳይታሰበኝ ይህን ሁሉ ቀን መቆየቴ! ወይስ ታስቦኝ ነበር?

ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። መንገዱ ከድሮው ይልቅ ረዝሟል፤ ወይም እኔ አርጅቻለሁ። መምሬ የሻው ቤት ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች። በር ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ተሳለምኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ።

«የሰፊው ሚስት ነሽ።»

«ሰፊዋስ እኔ ነበርኩ አባቴ፤ እሱስ አስተርጓሚ ነበር።»

«እውነትሽን ነው፣ እውነትሽን ነው» ብለው ሳቁ።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ እንጨት አወረዱ። እኔ ባዶ ጣውላ መስሎኝ ነበር። ሲያዞሩት ቀይዋ ነበረች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርገው ነው የሰቀሏት።

«የሴትየዋ ጉልበት ይታያል፣ እኔ ደግሞ ካህን ነኝ። እንዳልጥላት እኔም አለሁባት» አሉ።

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስለኖረች ቀለሟ ዛሬ የታተመ ይመስላል። ከኔይቱ ትቀላለች። እዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ቀናሁ። ይህን ለማንም አልናገርም።

ስጡኝና ልሂድ ብላቸው እምቢ አሉ። «ለአንቺ ሰጥቼ እኔ እዚህ ዳዊት ልደግም? እኔም እወርዳለሁ።»

«አባቴ፣ ያስሩዎታል።»

«በቅሎዋን ጫኝልኝ» አሉ።

ታኅሣሥ 7፣ ዓርብ

እንደሆነው ልጻፈው።

ከመምሬ የሻው ጋር ቀበሌ ገባን፤ ካድሬው ጓድ ሙሉሃብት ይባላል። ገና ወጣት ነው። ጥርሱን አሞት ጉንጩ አብጧል፤ በሻሽ አስሮታል። ፎቶዬ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፣ ከላይዋ የብረት ኩባያ ተቀምጦባታል። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። አንሥልኝ ልለው ነበር።

«ይህ የኔ ነው። መምህሩ ከኔ ነው የተዋሱት» አልኩ።

«እሱ ከገበያ ገዛሁት ነው የሚለው።»

«ዋሽተው ነው።»

«ለምን ይዋሻል?»

መምሬ የሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰባት ከሃያ አምስት» አለ ካድሬው። «ሌሎቹ ሃያ አራቱ የት ናቸው?»

«ውጭ አገር። አንዷ ግን እዚሁ አለች።»

መምሬ ነጠላቸውን ገልጠው ጣውላቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ካድሬው ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበና ብድግ አለ። «ስምንት!» በር ላይ የቆመው ጠብመንጃውን አስተካከለ። ያን ጊዜ ያለቀልን መሰለኝ። ያመጣሁት ማስረጃ ሳይሆን ሁለተኛ ሰው ሆነ።

መምሬ አልተንቀሳቀሱም። «ልጄ፣ ቁጥሩን ተወውና ሥዕሉን እየው። እዚህ ዣንጥላ ይዞ የቆመው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እዚህስ?»

ካድሬው ሁለቱን አስጠግቶ አየ። ብዙ ቆየ። ገደሉ ያው ነው፣ ካፖርቱ ያው፣ የሴትየዋ ጥላ እንኳ ያው። እኔ ሙሴ ጋስፓር እንዳስረዳኝ አስረዳሁት፤ ስንት እንደሚታተም፣ ቁጥሩ ለምን እንደሚጻፍ፣ ፊልሙ እንደሚቆረጥ። ቃሌ ይደናቀፋል፣ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት ይመስለኛል።

«ለምን ይቆርጠዋል? ብዙ ቢያትም ለብዙ ሰው አይደርስም?» አለኝ።

«እሱንስ እኔም ጠይቄዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«ሁሉም ቤት ካለ ማንም አያየውም አለኝ።»

ካድሬው ጉንጩን ይዞ ተቀመጠ። «ይህን ለበላይ ብጽፍ ይስቁብኛል። እኔ የድርጅት ሴል ቁጥር አገኘሁ ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። አሁን ደግሞ የካፖርት ቁጥር ነው ልበል?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው መምሬ የሻው የተናገሩት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አባል ነው ካልክ፣ ስምንተኛው እኔ ነኝና ጻፈኝ። ስሜ የሻው ነው፣ አሸተን ማርያም አገለግላለሁ። ሰባተኛዋ ይህች ናት። መምህሩን ግን ልቀቀው፤ እሱ ቁጥሩን ተውሶ ነው።»

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ወደ ውጭ ያይ ጀመር። ካድሬው ሊስቅ ነበር መሰለኝ፤ ጥርሱ ያዘው።

«ሌላም እንዲህ ያለ አለሽ?» አለኝ።

የለኝም ማለት እችል ነበር። ቤቴን ፈትሸው አልፈዋል።

«አለኝ» አልኩት። «ቁጥራቸው የተለያየ ነው። ከአሥርም፣ ከአርባም አለ። ሁሉንም ሲያዩ የሰው ቁጥር እንዳልሆነ ይገባዎታል።»

ሄጄ መደቡን በማረሻ ሰበርኩት። ሰማያዊዋ ዣንጥላ ጥጓ ረጥቧል፤ የቀሩት ደህና ናቸው። ከነአቡጀዲያቸው ወስጄ ሰጠሁት። «እጅዎን…» ብዬ ጀምሬ ተውኩት። አንድ በአንድ እያነሣ ቁጥሩን ያነብባል፣ ሴቶቹን ግን አያይም። ከቢጫ ባርኔጣዋ ላይ ሲደርስ ብቻ ትንሽ ቆየ።

«ሂዱ» አለን። «ሁለታችሁም ከከተማ እንዳትወጡ።»

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

መኪናዋ መጣች። በጎረቤቴ አጥር ቀዳዳ አየሁ። ሁለት ወጣቶች አወጡ፣ እጃቸው የኋሊት ታስሯል። እናቶቻቸው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሦስተኛ ሰው እንዳይወጣ በሩን በሩን አየሁ። አልወጣም። መኪናዋ ተነሣች።

ደስ አለኝ። እነዚያ እናቶች እየጮኹ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ታኅሣሥ 13

ምንም ወሬ የለም። መምሬ የሻው ዘመዳቸው ቤት ናቸው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ቀበሌ እየሄዱ «ስምንተኛው አለሁ» ይላሉ። ዘበኞቹ ለምደዋቸዋል።

ሳህኑ ባዶ ይመለሳል። እሱ ነው የሚበላው አለኝ ዘበኛው።

ታኅሣሥ 19

ካኪ። ካኪ። ካኪ። ሣጥኑን ከልማድ ሳብኩት። ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ከፈትኩት።

ታኅሣሥ 26

የገና እንግዶች እየገቡ ነው፤ ከድሮው ያነሱ ናቸው። ከኩልመስክ የመጡ ሴቶች ቀሚሳቸው መንገድ ላይ ተቀዶ አሰፉኝ። አንዷ «እኛ ጋ ሰፊ የለም፣ ጨርቅ ገዝተን ነው የምንቀመጠው» አለችኝ። ስለ ሰፊ ማውራት አልፈለግሁም። መርፌውን እያየሁ ሰፋሁላቸው።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቤተ ማርያም ደጅ ቆሜ አደርኩ። ካህናቱ ከላይ ከሥር ሆነው ሲያሸበሽቡ ሕዝቡ ሁሉ እልል ሲል እኔ የማስበው ስለ አንድ መጋዘን ወለል ነበር። ስለ ፎቶዎቹ ማሰብ የተውኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ጥር 3

ተፈታ!

ጥር 4

በደጄ አለፈ እንጂ አልገባም። አንገቱን ደፍቶ፣ የእግሩን ጣት እንደሚቆጥር ሰው። ሽታዬ «ሰው እንዳያየው ነው፣ አንቺን እንዳያስጠረጥር» አለች። ይሆናል። ሸሚዙን ሌላ ሰው የለበሰው ይመስላል፣ ያን ያህል ከስቷል።

ጥር 5

ካድሬው አስጠራኝ። ጉንጩ ጎድሏል፤ ጥርሱን ነቅለውለታል። ፎቶዎቹን በካኪ ጨርቅ ጠቅልሎ አኑሯቸዋል። «የበላይ አካል አይቶ ለአብዮቱ አስጊ እንዳልሆኑ ወስኗል። ውሰጂ» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ፈታኋቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሁለቱ የሉም። በቀሩት ላይ፣ በሁሉም ላይ፣ ሐምራዊ ክብ ማኅተም አለ። ጀርባው ላይ አይደለም፣ ፊቱ ላይ ነው። «ታይቷል» ይላል። በቢጫዋ ባርኔጣ ላይ፣ በቀዩዋ ካፖርት ደረት ላይ፣ ከሌላዋ ራስ በላይ ባለው ሰማይ ላይ። የመታው ሰው ተጠንቅቆ ነው የመታው፤ ቀጥ ብሎ መሐል ላይ አርፏል።

በእርጥብ ጨርቅ ጥግዋን ሞከርኩ። አይለቅም።

አላለቀስኩም። ጠቅልዬ መለስኳቸው። ሙሴ ጋስፓር ቢያይ ምን ይል ነበር? ሃያ አራቱ እህቶቿ ንጹሕ ናቸው። እንዲህ ያለችዋ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት፤ የኔዋ። ይህን ብዬ ልጽናና ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም። ደክሞኛል።

ጥር 6

መምሬ የሻውን ሸኘኋቸው። በሳቸውም ፎቶ ላይ ማኅተም አለ። እጃቸውን አሳልፈውበት «ምን ይላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲህ የመንግሥት ፈቃድ አላት፤ ፊቷን ወደ ቤት አዞራታለሁ» አሉ። በቅሎዋ ላይ ሆነው እየሳቁ ወጡ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ከተማው ባዶ ሆነብኝ።

ጥር 8

ዛሬ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊት በር። እጁን ሊታጠብ ወደ ማሰሮው ሄደና እጀታውን መያዝ አቃተው፤ የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። አፈሰስኩለት። ፎጣውንም እኔ ያዝኩለት።

ፎቶዎቹን አላወጣሁም፣ እሱም አልጠየቀም። ቁጭ ብሎ መደቡን ሲያይ ቆየ፤ የሰበርኩት ቦታ ገና አልተለሰነም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «በሳምንቱ መመለስ ነበረብኝ።»

«ለምን ከገበያ ገዛሁ አልክ?» አልኩት።

«ሌላ ምን ልበል?»

«እውነቱን።»

«እውነቱን ብል አንቺን ያመጡሽ ነበር» አለ። ከዚያ የማይታጠፈውን እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈና፣ «ደግሞ ሳምንት ሙሉ ያልመለስኩት ልጆቹን ላስተምርበት አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ነው ያሳየኋቸው» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ምስር ወጥ ነበረኝ፣ አሞቅሁ። በግራ እጁ በላ።

ወደ ኩልመስክ ተዛውሯል። ከጥምቀት በፊት ሄዶ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ የተፈታው በዚህ ግዴታ ነው። በጥቁር ሰሌዳ እንዴት ሊጽፍ ነው ብዬ አሰብኩ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ።

«ኩልመስክ ልብስ ሰፊ የላትም አሉ።»

«ማን ነው ያለ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ያልጨረስኩት ዩኒፎርም አለ» አልኩት። ከሁሉ ቃል ይህ ወጣኝ። በዚህ ዕድሜዬ!

«ትጨርሺዋለሽ» አለና ሄደ።

ጥር 9

ክር በመርፌ ዓይን አልገባ አለኝ። ጠዋቱን ሙሉ። ሽታዬ አስገባችልኝ። «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ዓይኔ ነው አልኳት። አየችኝና መሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ጠላዋ እንዳይፈስ ብላ ሮጠች።

ጥር 10፣ ከተራ

አረጋ ማለዳ ሄደ። ከሸዕባን ጭነኞች ጋር ነው የሄደው። ልሸኘው አልወጣሁም፤ በመስኮት ነው ያየሁት። ዞር አላለም። ነጩን ሸሚዝ ለብሷል።

ታቦታቱ ከወጡ በኋላ ሸዕባን ቤት ሄድኩ። ጥምቀት የሱ በዓል አይደለምና ዕቃ ያስተካክል ነበር። ሲንጀር ስፌት መኪናዬ ከነእግሩ ስንት በቅሎ እንደሚፈልግ ጠየቅሁት።

«ራሱን ለብቻ፣ እግሩን ለብቻ ከጫንነው አንዷ ትችለዋለች። የት ድረስ?»

ኩልመስክ ድረስ አልኩት። ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰ።

«መንገዱ ቁልቁለት ይበዛዋል። መርፌዎቹን አንቺ በጉያሽ ያዢ» አለኝ።

ከዩኒፎርሙ ሁለት እጅጌና አንድ አንገት ቀርቶኛል። ለቅዳሜ ጫንልኝ አልኩት።